ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ

በነሐሴ ወር፣ በደጋ አገር፣ መስክ ላይ አጎንብሶ የተገኘ ጎልማሳ ምክንያቱ ከአራት አያልፍም። ወይ በግ ጠፍቶበታል፤ ወይ ሆዱን ቆርጦታል፤ ወይ የሰው መሬት በዓይኑ እየለካ ነው፤ ወይ ደግሞ መድኃኒት እየነቀለ ነው። ዝም ብሎ ቅጠል የሚያይ፣ አይቶም ስሙን ጽፎ የሚሄድ ሰው አገሬው አያውቅም። ቢያውቅም አያምነውም። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ አማን በነበረ ጊዜ፣ ይህን የማይታወቀውን ሰው ልሆን፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ወደምትገኘው የአክስቴ መንደር ወጣሁ።

ነገሩን የጫረችው ልጄ ናት። ለእንቁጣጣሽ ከገዛነው እቅፍ ውስጥ አደይ አበባውን ለየችና የቀረውን እየመዘዘች «ይሄስ?» ትለኝ ጀመር። «ሣር።» «ይሄኛውስ?» «እሱም ሣር።» «ይሄ እሾህ ያለውስ?» «እሾህ።» አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ዕፅ የሚያውቀው በገበያው ነው። ጤና አዳምን ከቡና፣ ቄጤማን ከበዓል፣ ኮባን ከዳቦ ጋር አያይዞ ያውቃል፤ ገበያ ያልወጣው ሁሉ ሣር ነው። ልጄ አባቷን መመዘን የጀመረችበት ዕድሜ ላይ ስለነበረች ነገሩ ከነከነኝ። ክረምቱ ሲገባ ደብተር ገዛሁ፣ አጉሊ መነጽር ገዛሁ፣ ስልኬ ላይ ዕፅዋት የሚለይ መተግበሪያ ጫንኩ። ባለቤቴ ደግሞ ብርዱን ስለምታውቀው ካልሲና ለራስ ምታት የሚሆን ክኒን ሻንጣዬ ውስጥ ጠቀጠቀችልኝ። ክኒኑን አስታውሱልኝ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአክስቴ መንደር ከእሷም ከፍ ትላለች። በነሐሴ እዚያ ፀሐይ የምትመጣው በእንግድነት ነው፤ ሳትቀመጥ ትሄዳለች። ጉሙ ጠዋት ከገደሉ ሥር ይነሳና ቤቱንም በረቱንም የገብሱን ማሳም ይውጣል፤ ደስ ሲለው እኩለ ቀን ላይ ይተፋቸዋል። ጭቃ ያልሆነው ውሃ ነው። አክስቴ በር ላይ ቆማ ዣንጥላዬን፣ የላስቲክ ቦቲዬን፣ ደብተሬንና መነጽሬን አንድ በአንድ አየች።

«ከሥራ አባረሩህ?»

«ኧረ አላባረሩኝም እትዬ። ፈቃድ ወጥቼ ነው። የዱር ቅጠል ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

«ምንህን አሞህ?»

«ደህና ነኝ። ለማየት ነው።»

«ለማየት» አለችና ዝም አለች። ማታ ለጎረቤቷ በአጥር ላይ ስታወራ ሰማኋት፦ «የወንድሜ ልጅ መጥቷል። ትንሽ ደክሞታል።»

በማግስቱ ገና ከጓሮ ሳልወጣ የከዳኝ ስልኩ ነው። መተግበሪያው ያነሳሁለትን ሁሉ አውሮፓዊ ያደርገዋል። ከሰሃራ በታች ያለችው አፍሪካ የራሴ የምትለው የዱር ጽጌረዳ ቀጋ ብቻ ነው ይባላል፤ ስልኬ ግን የአክስቴን አጥር የእንግሊዝ አገር ጽጌረዳ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ጦስኙን የፈረንሳይ ማጣፈጫ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀ፣ የአዲስ አበባና የኡፕሳላ ምሁራን የደከሙበት፣ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝር መጽሐፍ አለ። ወደ 6,000 የሚጠጋ ዝርያ ይዟል፤ ከመቶ አሥር ያህሉ ከዚህ ምድር ሌላ የትም አይበቅልም። ነገር ግን ስምንት ቅጽ ነው፤ ያንን ጭኖ ዳገት የሚወጣ አጋሰስ ይፈልጋል። እኔ ያለኝ ስልክ ነው፤ ስልኩም ጉም ሲወርድ ኔትዎርክ የለውም።

በረቱ ጥግ፣ እበትና አመድ የሚደፋበት ቦታ ላይ፣ ወገብ የሚደርስ ሳማ በቅሏል። ሳማ ሰው ያለበትን ይወዳል፤ በረት በሌለበት ጫካ ከምታገኙት ይልቅ ከቤት ጀርባ ታገኙታላችሁ። የኛው ሳማ የኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም ስሜንን ይዟል። ይህን አውቅ ነበርና በአክብሮት ጠጋ ብዬ ፎቶ ላነሳው ስል አዳለጠኝ። የሚወድቅ ሰው የሚይዘውን አይመርጥም።

ቅጠሉና ግንዱ ላይ ያለው ፀጉር ጫፉ ስብር የሚል መርፌ ነው። ሲሰበር ሂስታሚንና አሲቲልኮሊን ያለበትን ፈሳሽ ከቆዳ ሥር ይለቅቃል። ይህንን በኋላ ነው ያነበብኩት፤ ያን ሰዓት ያወቅሁት እስከ ክርን ድረስ እሳት መግባቱን ብቻ ነው። ጩኸቴን ሰምቶ ገሳ የለበሰ ልጅ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለ። መጀመሪያ የሚችለውን ያህል ሳቀ። ከዚያ ከመንገዱ ዳር ሰፊ ቅጠል በጥሶ፣ ምራቁን እንትፍ ብሎበት፣ እጄን ያሸው ጀመር።

«ምንድነው እሱ?»

«ቱልት ነዋ!»

ይሻል አይሻል እንጃ። ግን ሳማ ካለበት ቱልት አይጠፋም፤ በሽታውና መድኃኒቱ ጎን ለጎን መቆማቸው ለሚቃጠል ሰው ትልቅ ማጽናኛ ነው። ደብተሬ ላይ መጀመሪያ የተጻፉት ሁለቱ ስሞች በግራ እጅ የተጻፉ ስለሆኑ ዛሬም አይነበቡም።

የዚያኑ ቀን አክስቴ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ያንኑ ሳማ ቀነጠበችው። ፍልሰታ ነበር። ቀቅላ፣ አድቅቃ፣ የባቄላ ዱቄት ነስንሳበት ወጥ ሠራችው። እሳት ከነካው በኋላ መናከሱን ይተዋል። ለጨጓራ ፍቱን ነው ትላለች፤ እህል ጎተራ ውስጥ አልቆ አዲሱ ባልደረሰበት በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ደሃውን ያሻገረ እሱ ነው። እኔ በልቼ ስጨርስ ቂም አልነበረብኝም። ቆስጣ የሚባለው ነገር ለምን እንደሚወደድ ከዚያ ወዲህ አልገባኝም።

ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪዬ ሆነ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ በግ ይጠብቃል። ዋጋውን የቆረጠው ራሱ ነው፦ ከረሜላ አይፈልግም፣ እስክሪብቶ። አገር የሚያውቀውን ዕፅ በነጻ ይነግረኛል፤ ያልተለመደውን በእስክሪብቶ። ሰንሰል፣ እንቧጮ፣ ግራዋ፣ ክትክታ በነጻ ናቸው። ስረ ብዙ በእስክሪብቶ። እስክሪብቶዬ ሲመናመን ደግሞ አንዱን ዕፅ ሁለት ጊዜ ይሸጥልኝ ጀመር፤ አንዴ ለጋ ሆኖ፣ አንዴ አብቦ። ነጋዴ ይወጣዋል።

የልጁን ዕውቀት ግን ማንም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም። በግ በልቶት የሚነፋው የቱ እንደሆነ፣ ለቡሄ ጅራፍ ልጡ የሚገመደው የቱ እንደሆነ፣ የትኛው ፍሬ በጥር እንደሚበላ፣ የትኛው አሁን ቢቀመስ እንደሚያስመልስ ያውቃል። እንጉዳይ ስናገኝ እንዳልነካው ጎተተኝ፤ የጅብ ጥላ ነው አለኝ። እንሶስላ ከጅረቱ ዳር አሳየኝ፤ ሥሩን እኅቶቹ ቆፍረው ወቅጠው እጅና እግራቸውን ያቀሉበታል። አበባው ነጭ ነው፣ ጉሮሮው ሐምራዊ፤ ያንን ግን ልጁ አላየውም። አበባው ለምንም አይሆንማ።

አንድ ጥላ ሥር ደቃቅ ሰማያዊ አበባ ያለው ነገር አገኘሁና «ይሄስ?» አልኩት።

«ይሄ ዝም ብሎ ነው።»

«ስሙን ነው የጠየቅኩህ።»

«ስም የለውም ጋሼ። ዝም ብሎ ነው የሚበቅለው።»

ከብት አይበላውም፣ ሰው አይታጠብበትም፣ አይታጠንበትም፣ አይነድድም። ዝም ብሎ የሚያይና ዝም ብሎ የሚበቅል ተገናኘን። ልጁ ሁለታችንንም በእኩል ትዝብት እያየ ወደ በጎቹ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ የገጠመኝን ጣጣ ያመጣው ይኸው ነው። በመንደር ውስጥ ዕፅ የሚታየው በሚሰጠው ነው፤ ሰውም ዕፅን የሚያየው ሊወስድ ሲል ነው። ምንም ሳትወስድ የምታይ ከሆነ፣ የምትወስደው ነገር ትልቅ ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የመንደሩ ሰው አረም ላይ ነው። እኔ ደብተር ውስጥ የማስገባውን እነሱ እየነቀሉ ከማሳ ይጥላሉ። አንዲት እናት ከገብሱ መካከል ቀና ብለው ሲመለከቱኝ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ ይህንን ከወደድክ እዚህ ሞልቶልሃል፤ ና ንቀለው!» አሉኝ። ወንፈሉ ሁሉ ሳቀ። እምቢ የሚባል አይደለም። ገባሁ። ለካ የዱር ዕፅ ለማየት የተሻለ ቦታ የለም፤ ጉልበትህ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ዓይንህ ከመሬት ስንዝር ርቆ፣ ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር ትውላለህ። አሽክቱ ሱሪዬ ላይ ተጣበቀ፣ ከዚያ ሹራቤ ላይ፣ ከዚያ ፂሜ ላይ። የሰጡኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ ቅጠሉ ሰፊ የሆነውን ንቀል፤ ሣር የሚመስለውን እንዳትነካ። ምክንያቱም ሣር የሚመስለው ገብስም ሊሆን ይችላል፣ ስናርም ሊሆን ይችላል፣ እንክርዳድም ሊሆን ይችላል።

ስናር ደስ የሚል ነገር ነው። ማንም አይዘራውም ማንም አያባርረውም። ከገብሱ ጋር ይበቅላል፣ ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ ጠላም ይገባል። ግማሽ ዱር ግማሽ ቤተኛ ሆኖ ዘመናት ኖሯል። እንክርዳድ ግን ጠላት ነው። ወንጌል ላይ የተጠቀሰው እሱ ነው፤ ዘሩ ውስጥ የሚኖር ፈንገስ በሚያመነጨው መርዝ እንጀራ ውስጥ ከገባ ሰውን ያዞራል። እሸት እስኪይዝ ድረስ ከእህሉ መለየት የዓመታት ዓይን ይጠይቃል። እኚያ እናት ግን ሳያዩ በጣታቸው ይለዩታል። «ይኼ ይለዝባል፣ ይኼ ይሻክራል» አሉኝ። ሁለቱንም ዳሰስኳቸው። ሁለቱም እርጥብ ነበሩ።

ማታ ወገቤ አልቀና ብሎኝ ክኒን ፍለጋ ሻንጣዬን ስከፍት ክኒኑ የለም። «እትዬ፣ እዚህ የነበረ ነጭ ክኒን አላየሽም?» «አይጥ ወስዶት ይሆናል» አለችኝ። ቤቱ ጥግ በነበረው መሶብ ውስጥ እንቁላል ማየቴ ደግሞ ያን ቀን ነው። በፍልሰታ እንቁላል? «ለፍቺ ነው» አለችና በእራፊ ሸፈነችው።

አንድ ጥበቃ የያዘኝ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ካለ ጉብታ ላይ ነው። ጠመንጃውን አንግቶ፣ ከጉሙ ውስጥ ድንገት ወጣ።

«ምን ትለካለህ?»

«አልለካም፤ አያለሁ።»

«ምን?»

«ይሄን።»

መሬቱን አየ። «ይሄ እኮ ቱልት ነው።»

«አዎ።»

«ለማን ነው የምታየው?»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ከባድ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ለልጄ ብል ማን ያምናል? ደብተሬን ተቀብሎ ገለጠ። «ቀጋ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ብዙ። እንዶድ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሁለት። ኮሸሽላ፣ በገደሉ ጠርዝ።» ለእሱ ይህ የቦታ ዝርዝር ነው። ከዚያ በፊት በዚሁ ጉብታ ላይ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተክለው ሲያዩ የነበሩ ሰዎች መጥተው፣ ከእነሱ ኋላ የመሬት ወሬ ተነሥቶ ነበር አሉ። ስለዚህ ሰውየው አልበደለኝም። የአባቱን ማሳ ነው የሚጠብቀው። ይዞኝ ወደ መንደር ወረደ። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ፣ ደብተሩ እጅ በእጅ ዞረ፣ አጉሊ መነጽሩ ደግሞ ከደብተሩ በላይ አስፈራ። በመጨረሻ አክስቴ ነጠላዋን አደግድጋ ደረሰች።

«የወንድሜ ልጅ ነው!» አለች። «ምንም አያውቅም!»

በዚህ ተለቀቅሁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ምስክርነቷን በሙሉ ድምፅ ተቀበሉ።

አንዱ ጥርጣሬ ሲወድቅ ግን ሌላው ይነሳል። መሬት ካልለካ፣ በግ ካልጠፋበት፣ ሆዱን ካልቆረጠው፣ የቀረው አንድ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከአክስቴ በር ላይ ሴቶች ተቀምጠው አገኘሁ። አንዷን ራሷን ይፈልጣታል፤ ምች ነው ትላለች። የአንዷ ልጅ ሌሊት ይባንናል። የሌላዋ ላም ወተት ነስታለች። «እኔ ሐኪም አይደለሁም» አልኳቸው። ይህንን ባልል ይሻለኝ ነበር። እውነተኛ መድኃኒት አዋቂ መቼ ነው አዎ አውቃለሁ ብሎ የሚያውቀው? እምቢታዬ ዕውቀቴን አስመሰከረ። ወደ ጤና ኬላ ሂዱ ባልኩ ቁጥር አንገታቸውን በመረዳት ይነቀንቃሉ፤ ገና አልተግባባንም ማለት ነው ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ይጠብቃሉ።

አንድ አባት ደግሞ በምሽት፣ ሰው ሳያያቸው መጡ። ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለበት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አብሾ ቢሰጡልኝ» አሉ። አብሾ ድሮ የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲዘልቀው ይወስደዋል የሚባለው ነው፤ ስሙ ሲነሳ አጤ ፋሪስም አብሮ ይነሳል። አጤ ፋሪስን እኔ ቀን ላይ መዝግቤዋለሁ፤ ነጭ መለከት የሚመስል አበባ ያለው፣ ፍሬው እሾሃማ፣ ቆሻሻ መጣያ ላይ የሚበቅል። አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለበት። ብሌን ያሰፋል፣ አፍ ያደርቃል፣ ያስቃዣል፣ ሲበዛ ይገድላል። አስታውሰው የቀሩ ሊቃውንት ይወራላቸዋል፤ ሳይመለሱ የቀሩት ግን የሚያወራላቸው የለም። ይህንን በቀስታ ነገርኳቸው። ሰውየው ተቆጥተው «ለራስህ ልጅ ነው እንዴ የምታስቀረው?» ብለውኝ ሄዱ። ከራሳቸው አጥር ሥር ስለበቀለው አጤ ፋሪስ ቃል አልተነፈስኩም።

እንቁላሉ ግን መሶቡን ሞላ። ግቢው ውስጥም የማላውቃቸው ዶሮዎች ይዞሩ ጀመር።

አንድ ከሰዓት በረዶ ያዘኝና ሮጬ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ገባሁ። የመንደሩ ዙሪያ ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ መጥቶ አገሩን የወረሰው፣ ከሥሩ ሌላ ብዙም የማያስበቅለው። ቅጥሩ ውስጥ ግን ሌላ አገር ነው፦ ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶ፣ ዛፎቹ ላይ የተንጠለጠለ ሽበት፣ ከሥር ሐረግና ፈርን። ደጋው ላይ የቀረው አገር በቀል ዛፍ አብዛኛው በታቦት ጥላ ሥር የተረፈው ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር እነዚህን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሲያጠኑ ኖረው፣ ከብት እንዳይገባባቸው በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ አድርገዋል። ይኼኛው ቅጥር አጥሩ ፈርሷል፤ አንድ አህያ ከእኔ ጋር ተጠልሎ ነበር።

በረዶው ጣሪያውን ሲወቅጠው፣ እኔም ደጀ ሰላሙ ሥር ስንቀጠቀጥ፣ ይህችን አገር በቅጠል ምክንያት የረገጡ ሰዎች ትዝ አሉኝ። ፕቲ የሚባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። ባልደረባው ካርታን ዲዮን ከእሱ ቀድሞ በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞቷል። የለቀሙት ቅጠል ግን ፓሪስ ደርሶ በ1847 መታተም የጀመረ የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፍ ሆነ። ሺምፐር የሚባለው ጀርመን በ1837 መጥቶ ሳይመለስ ቀረ፤ ደጃዝማች ውቤ የእንትጮን አገር ሾሙት፣ እዚሁ አግብቶ ወለደ፣ መቅደላ ላይ ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ሆነ፣ በ1878 አድዋ ላይ ሞተ። ጦስኛችን ዛሬም በሳይንስ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ሩሲያዊው ቫቪሎቭ በ1927 መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘራችንን ሰብስቦ ሄደ፤ ለዓለም እህል ሲለቅም የኖረው ሰው በ1943 በስታሊን እስር ቤት በረሃብ አለቀ። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ሲተያይ ሳማ ምንድነው? አሽክትስ ምንድነው? እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳጀግን ከኋላዬ ሳል ሰማሁ።

መሪጌታ ናቸው። የአካባቢው ሰው መድኃኒት የሚለምነው ከእሳቸው መሆኑን ሰምቻለሁ። እሳቸውም ስለ እኔ ሰምተዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ሰላምታው ረዘመ፤ ከረዘመው ሰላምታ ውስጥ ፍቅር አልነበረበትም።

«ቅጠል ትለቅማለህ አሉ» አሉኝ።

«አያለሁ እንጂ አልለቅምም መሪጌታ። ስማቸውን ማወቅ ፈልጌ ነው። ይኼ ከካቡ ሥር ያለው ምን ይባላል?»

ቅጠሉን ሳይሆን እኔን እያዩ፣ «እሱ? እሱ አትንካኝ ይባላል» አሉ።

ጻፍኩ። «ይሄስ?»

«ይሄ አርፈህ ተቀመጥ ነው።»

ጻፍኩ። «ያ ቢጫ አበባ ያለውስ?»

«ያ፣» አሉ መሪጌታ ጋቢያቸውን እየተከናነቡ፣ «ያ አገርህ ግባ ይባላል።»

ልጁ በኋላ ቢጫው አምጃ መሆኑን ነግሮኛል፤ ያውም በነጻ። ማታ ታሪኩን ለአክስቴ ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ግን መሪጌታን መቀየም አልሆነልኝም። የእሳቸው ዕውቀት ርስታቸው ነው፤ ከአባት ለተመረጠ ልጅ የሚወርድ፣ በአደባባይ ከተነገረ ኃይሉ ይረክሳል የሚባል። ደብተር ይዞ የመጣን ሰው መፍራታቸውም ያለ ነገር አይደለም። ከወንዙ ማዶ የመዘገብኩት እንዶድ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አየ፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነው። ሌላው ሁሉ ልብስ ያየበት ቦታ እሱ ቀንድ አውጣ ማየቱ ታላቅ ነገር ነው፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አግኝቷል። በ1990ዎቹ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ እንዶድ የውሃ ቱቦ የሚደፍን ሌላ ዓይነት ዛጎል ለበስ ስለሚገድል ፓተንት ወጣበት። የአድዋ ልብስ አጣቢዎች ስም እዚያ ወረቀት ላይ የለም። መሪጌታ ይህንን ታሪክ ባያውቁም መልሳቸው የሚያውቅ ሰው መልስ ነው።

የተመለስኩት ከጾሙ ፍቺ በፊት ነው። ጭቃው አንዱን ቦቲዬን አስቀርቶብኝ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ በአክስቴ ልጅ ጫማ ሄድኩ። ደብተሬ ውስጥ ስማቸው የታወቀ፣ ስማቸው የተሸጠልኝ፣ በመሪጌታ የተሰደብኩባቸውና «ዝም ብሎ» የሚል የተጻፈባቸው ዕፅዋት ተቀላቅለው አሉ። የደረቁት ናሙናዎች ሻግተዋል፤ በነሐሴ ቅጠል ማድረቅ የማይሞከር ነው።

መስከረም ላይ አክስቴ ደወለች። ኔትዎርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥታ ስለምትደውል ሁልጊዜ እያለከለከች ነው።

«ያ ነጩ አለቀ» አለችኝ።

«የቱ ነጩ?»

«የራስ ምታቱ። ሻንጣህ ውስጥ የነበረው።»

«አይጥ ወሰደው አላልሽም?»

«አንተ እምቢ አልካቸው፤ ሰዎቹ ደግሞ ከበሬ አልነሣ አሉ። ምን ላድርግ? ዳማ ከሴ እየጨመቅኩ፣ እሱን ፈጭቼ ጣል እያደረግኩ ሰጠኋቸው። ግማሽ ግማሽ ነው የሰጠሁት፣ አትጩህብኝ። ሁሉም ተሽሏቸዋል። ያቺ ላሟ ወተት የነሳችው እንኳ ተሽሏታል።»

«ለላሟም ሰጠሽ?»

«ለሴትዮዋ ነው እንጂ። ላሟ በራሷ ተመለሰች።»

ዶሮዎቹና እንቁላሉ አሁን ተገለጡልኝ። ይህ ነገር አደገኛ መሆኑን፣ ዳግመኛ እንዳታደርገው፣ የሰው ነፍስ በእጇ እንደሚጠፋ ባለኝ ቁጣ ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት አደመጠችኝ።

«እሺ፣ ተወኝ» አለች። «መሪጌታ እንኳ እንዳንተ አልተቆጡኝም። ቤት ድረስ መጥተው ነበር።»

«ምን አሉሽ?»

«የወንድምሽ ልጅ ያመጣው ቅጠል ማን ይባላል አሉኝ። በጣም አባበሉኝ። ማርም ይዘው ነው የመጡት።»

«አንቺ ምን አልሻቸው?»

«አርፈህ ተቀመጥ ይባላል አልኳቸው።»